የአባባን የጆሮ መስሚያ ቤታችን ድረስ መጥቶ ላስተካከለልን የኮምቦልቻ ልጅ

ሰላም የወሎ ልጆች! ዛሬ የምጽፈው አንድ ባለሙያ ላመሰግንና ለምትፈልጉት ልጠቁም ነው። ውጭ ያለ ዘመድ የላከው፣ ግን ማንም የማያደርገው የጆሮ መስሚያ ቤታችሁ ካለ በተለይ እናንተ አንብቡልኝ።

አባባ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ወፍጮ ቤት ሲሠሩ ነው ያረጁት። ዕድሜ ልኩን ወፍጮ ሥር የዋለ ጆሮ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ድምፅ ይሰማሉ፣ ቃሉ ግን አይለይላቸውም። ጎርናና ድምፅ ያለው ጎረቤት ሲያወራ ይገባቸዋል፣ የልጅ ልጆቻቸው ሲያወሯቸው ግን ፈገግ ብለው ዝም ነው። ኋላ ኋላ ከሰው ጋር መቀመጥ ራሱ ሰለቻቸው። ቡና ሲፈላ አቦሏን ጠጥተው ውስጥ ይገባሉ፣ ቶናና በረካ አይጠብቁም። ወሎ ውስጥ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ወንድሜ ካለበት ሀገር ያገለገለ ግን ንጹህ የሆነ ፎናክ መስሚያ ገዝቶ ላከ። ሲያደርጉት ያፏጫል። “ራሴን በጠበጠኝ” ብለው አወለቁት። አንድ ሱቅ ወስደን ብናሳይ “ድምፁን ጨምሩለት” ብለው መለሱን። ተጨመረ፣ ጭራሽ ባሰ።

በሰው በሰው ነው ይህን ልጅ ያገኘነው። ደውለን ጉዳዩን ስንነግረው ስለ ዋጋ ከማውራቱ በፊት “ከአንገት በላይ ሐኪም አይቷቸዋል?” አለን። መጀመሪያ ይታዩ፣ ኩክ ካለ ይውጣ፣ የመስማት ምርመራ ያድርጉና ወረቀቱን ያዙልኝ አለ። ጆሮ መግል ካወጣ፣ ካመመ፣ ሰውየው ካዞረው ወይም አንዱ ጆሮ ብቻ ከደከመ ኮምፒውተር አልነካም ብሎናል። በድንገት መስማት ያቆመ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለበት፣ ውሎ አደር የሚባል ነገር የለውም። እኔ እዚሁ ላይ ነው ያመንኩት።

ምርመራው አልቆ ወረቀቱ ሲደርሰን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ቤታችን መጣ። ኦዲዮግራሙን፣ ማለትም የመስማት ምርመራውን ወረቀት፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለሁላችንም አስረዳን። የቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ የግራው በሰማያዊ ኤክስ ነው የሚጻፈው። ሄርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ከግራ በኩል ከ250 ሄርዝ ጎርናናው ድምፅ ይጀምራል፣ ወደ ቀኝ እየቀጠነ እስከ 8000 ይሄዳል። የአባባ መስመር እስከ 1000 ድረስ ደህና ነው፣ 4000 አካባቢ ሲደርስ ግን ቁልቁል ይወርዳል፣ እዚያ ጋ መስማታቸው ደክሟል ማለት ነው። የማሽን ጩኸት ጆሮን ቀድሞ የሚጎዳው እዚያ አካባቢ ነው አለን። ስ፣ ሽ፣ ፍ የመሳሰሉት ስስ ድምፆች ያሉት ደግሞ በዚሁ በቀጭኑ በኩል ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ድምፅ መጨመር ቀድሞም የሚሰሙትን ጎርናና ድምፅ ማስጮህ ብቻ ነው፣ የጎደለው ቦታ ተለይቶ ነው መሞላት ያለበት።

ደግሞ ያልጠረጠርነው ነገር አለ። መስሚያው የተስተካከለው ለቀድሞው ባለቤት ጆሮ ነበር! ልጁ ኖዋሊንክ የምትባል ትንሽ ብሉቱዝ መሣሪያ ላፕቶፑ ላይ ሰካ፣ ታርጌት የሚባለውን የፎናክ ሶፍትዌር ከፈተ፣ የድሮውን አጥፍቶ የአባባን የምርመራ ውጤት አስገባ። ከዚያ በራሱ በመስሚያው በኩል ቀጫጭን ድምፅ እየላከ እንደገና ለካቸው። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፅ በመጣ ቁጥር ጣታቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ ብቅ ያደርጋሉ። ቤቱ ጸጥ ብሎ ሁላችንም ጣታቸውን ነበር የምናየው።

ፉጨቱ የመጣው ጆሮ ውስጥ ከምትገባው የመስሚያው ጫፍ ላስቲክ ነው። ለአባባ ጆሮ ትንሽ ስለነበረች ድምፁ በጎን እየሾለከ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። ሰፋ ያለችውን ሲያደርግላቸው ፉጨቱ ጠፋ፣ ግን “የራሴ ድምፅ እንስራ ውስጥ ገብቼ የማወራ መሰለኝ” አሉ። “አብሽሩ አባባ፣ ይስተካከላል” ብሎ ቀዳዳ ያላትን ሞከረ፣ ጎርናናውን ትንሽ ቀነሰ፣ ደግሞ ፉጨቱ እንዳይመለስ ፈተሸ። አንድ ጊዜ እንኳ ፊቱ አልጠቆረም።

ቀጥሎ እማዬን “እስቲ ቡና ይውቀጡልኝ” አላት። ሙቀጫው ገና አንዴ ሲመታ አባባ ከመቀመጫቸው ዘለሉ። ልጁም አጠቃላይ ድምፁን ሳይነካ የኃይለኛ ድምፆችን ጣሪያ ብቻ ዝቅ አደረገ። እንደገና ተወቀጠ፣ አሁን ዝም አሉ። የመስሚያውንም ኃይል መጀመሪያ ላይ ከሙሉው ወደ 80 በመቶው ላይ አስቀመጠላቸው። ስንት ዓመት ያልሰማ አእምሮ ሁሉን በአንዴ አይችለውም፣ ቀስ እያለ ነው የሚለምደው።

ከሁሉ በላይ ያኮራኝ ግን ሥራውን አለመደበቁ ነው። ሶፍትዌሩን ታናሽ እህቴ ላፕቶፕ ላይ ጫነላት፣ ኖዋሊንኳን ከየት ማስመጣት እንደምንችል ነገረን፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አሠራት። ያለውን ማስተካከያ ሴቭ ሳታደርጊ ምንም አትንኪ አላት። አንድ ነገር ብቻ በትንሹ ቀይሪ፣ አባባ ጥቂት ቀን ይኑሩበት፣ ከዚያ “ምኑ ነው ያስቸገረዎ?” ብለሽ ጠይቂያቸው። የኃይለኛውን ድምፅ ጣሪያ ግን በጭራሽ ከፍ አታድርጊ፣ የቀረ ጆሮም በጩኸት ይጎዳል። አሁን እሷ ናት የምታስተካክልላቸው። ሲጨንቃት የስክሪኑን ፎቶ ትልክለታለች፣ እሱም በቴሌግራም ድምፅ ይመልስላታል።

የባትሪም ነገር እሱ ነው ያስተማረን። የእኛ ባትሪ ቁጥሩ 312 ነው፣ ባለ ቡናማ ምልክቱ። ልጣጩ ከተነሳ በኋላ አየር እንዲገባው ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚገባው። ማታ ማታ የባትሪውን በር ከፍቶ ማሳደር ነው፣ የደሴ እርጥበት ለመሣሪያ አይመችም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁሉም መስሚያ አንድ ዓይነት አይደለም። ፎናክ በታርጌት፣ ኦቲኮን በጂኒ፣ ሪሳውንድ በስማርት ፊት ነው የሚከፈተው፣ የአንዱ ሶፍትዌር ለሌላው አይሠራም። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው፣ ድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ ብቻ ያለው ማጉያ ደግሞ እንደዚህ ለየሰዉ ጆሮ የሚስተካከል አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን ነግራችሁ ልጁን ጠይቁት፣ አይሆንም ካለ አይሆንም ይላችኋል፣ ለመሸጥ ብሎ አያባብልም። የሚያስከፍለውም ዋጋ የሚጎዳ አይደለም።

ወንድሜ፣ አባባ “አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ እጅህን ይባርከው” ብለውሃል። እኛም ሁላችንም እናመሰግንሃለን። አባባ አሁን በረካውንም ጠጥተው ነው የሚነሱት።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ስለነገረኝ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የኦዲዮግራሙን ወረቀትና የመስሚያውን ሞዴል በግልጽ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ዛሬውኑ አደርስለታለሁ።