ለንደን ላይ ኮንትራክተር ለሆናችሁ፣ የአካውንታንቴ ሪቪው

አይቲ ላይ በራሴ ሊሚትድ ካምፓኒ ነው የምሰራው፣ ደንበኛዬ ድንገት "ኢንሳይድ አይ አር 35 ነህ" (ለታክስ እንደ ተቀጣሪ ነው የምትቆጠረው ማለት ነው) ብሎ ኢሜይል ሲልክብኝ እንቅልፍ አጣሁ፣ ከኤፕሪል 2021 ወዲህ ትልልቅና መካከለኛ ድርጅቶች ናቸው ስታተስህን የሚወስኑት አንተ አይደለህም።

ጓደኛዬ ወደ አንድ ትንሽ የሀበሻ አካውንታንት ቢሮ ላከኝ። ሰውየው ሻይ ቀድቶልኝ ኮንትራቱን ዝም ብሎ አነበበና "ወንድሜ ወረቀቱን ተወው፣ ብትታመም ሌላ ሰው ልከህ ታሰራለህ? ላፕቶፑ የማነው? ስንት ሰዓት ግባ የሚልህ አለ?" አለኝ። ከዛ የመንግስት ታክስ መስሪያ ቤቱ ኦንላይን ያስቀመጠውን ሴስት የሚባለውን የስታተስ ቼክ አብረን ሞላን፣ ውጤቱን ፕሪንት አድርገን ከተቃውሞ ደብዳቤ ጋር ላክን። ደንበኛው በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ይሄን እኔ ጭራሽ አላውቅም ነበር።

በጣም የጠቀመኝ ግን ስለ አምብሬላ (ባንተና በደንበኛው መሃል ሆኖ እንደ አሰሪ ደመወዝህን የሚከፍልህ ድርጅት) ያሳየኝ ነው። በቀን 400 ፓውንድ ሲሉህ ከሱ ላይ መጀመሪያ የአሰሪው 15% ናሽናል ኢንሹራንስ፣ 0.5% የአፕረንቲስሺፕ ሌቪ (አሰሪ ለሙያ ስልጠና የሚከፍለው) እና የአምብሬላው ኮሚሽን ይነሳል፣ ያንተ ታክስ ገና ከዛ በኋላ ነው፣ ስለዚህ የቀን ክፍያውን ሳትፈርም በፊት አስጨምር። "90% ኪስህ ይገባል" የሚልህ አምብሬላ ካለ ሩጥ፣ ታክሱ በኋላ ዞሮ ካንተው ሊጠየቅ ይችላል።

ዋጋው 150 ፓውንድ፣ አልቆጨኝም። ጃንዋሪ ላይ ግን ስልክ አያነሱም፣ ሶስት ቀን ደውዬ በመጨረሻ በእግሬ ሄድኩ። አራት ኮከብ።