ጥቅስ ከመጥቀስ በፊት፦ ስለ አንድ አጥቢያ የምክር አገልግሎት

አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የወንጌላውያን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለአባላቱም ሆነ ከውጭ ለሚመጡ ሰዎች በነጻ የሚሰጠውን የምክር አገልግሎት፣ ወንድሜን በሞት ካጣሁ በኋላ ለወራት ተጠቅሜበታለሁ። የምነቅፈው ነገር ስላለኝ የአጥቢያውን ስም አልጠቅስም። አገልግሎቱ ግን ጥሩ ነው፤ ጥሩ ያደረገውም እኔን የያዘኝ አማካሪ መጽሐፍ ቅዱስ መቼ እንደሚከፈት ማወቁ ነው።

በልቅሶ ቤት የጥቅስ እጥረት የለም። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ» ሳይለኝ የሄደ ለቀስተኛ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ይህን ቃል ኢዮብ ስለ ገዛ ሐዘኑ ራሱ ተናገረው እንጂ ወዳጆቹ መጥተው አልነገሩትም። ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዲት ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። አማካሪዬ መጋቢ ነው፤ ከነገረ መለኮት ሌላ የምክር ትምህርትም ተከታትሏል። በመጀመሪያው ቀጠሮ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘጋ ዋለ። «ጋሼ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው? እህልስ በወጉ ይቀምሳሉ?» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያም ስለ ወንድሜ እንዳወራለት ጠየቀኝና ሳያቋርጠኝ አዳመጠ። ሊያሰናብተኝ ሲል ቢጸልይልኝ ፈቃዴ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለጸሎት ፈቃድ የሚጠይቅ አገልጋይ እምብዛም አላጋጠመኝም፤ ጸሎቱም አጭር ነበር።

መጽሐፉ የተከፈተው ቆይቶ፣ መኖር ሰለቸኝ ባልሁ ዕለት ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን ጥቅስ አላስቀደመም፤ ራሴን ለመጉዳት አስቤ እንደሆነ በቀጥታ፣ ሳይሸማቀቅ ጠየቀኝ። እንዳላሰብሁ ከተረዳ በኋላ ግን ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ «ይበቃኛል» ያለበትን የመጽሐፈ ነገሥት ክፍል አነበበልኝ። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ባውቀውም፣ መልአኩ ነቢዩን እንዳልገሠጸው፣ ይልቁንም እንጎቻና ውሃ አቅርቦለት «ተነሥተህ ብላ» እንዳለውና ዳግመኛ እንዲተኛ እንደተወው ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ቀጥሎ ለቤት የሰጠኝ ንባብ መዝሙር 88 ነበር፤ በዳዊት አቆጣጠር 87 ማለት ነው። ይህ መዝሙር እንደ ሌሎቹ የሰቆቃ መዝሙራት በምስጋና አይዘጋም፤ በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያበቃል። እንዲህ ያለ ጸሎት በቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ ማግኘቱ እኔን ከማንኛውም የማጽናኛ ቃል በላይ ረድቶኛል፤ ማማረሬን ከእምነት ማነስ መቁጠር የተውሁትም ከዚያ ወዲህ ነው።

በሙያው ውስጥ በዚህ ጉዳይ ላይ የቆየ ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1925 በማሳቹሴትስ በሚገኘው የዉስተር የአእምሮ ሆስፒታል፣ ራሱም የአእምሮ ሕመምተኛ ሆኖ ታክሞ የነበረው አሜሪካዊው አገልጋይ አንቶን ቦይሰን የነገረ መለኮት ተማሪዎችን በሕሙማን አጠገብ አስቀምጦ ማሠልጠን ጀመረ፤ ሕመምተኛው ሰው ራሱ እንደ መጽሐፍ ሊጠና ይገባዋል ባይ ነበር። ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ አሜሪካዊው መጋቢ ጄይ አዳምስ ለመጋቢ ምክር መጽሐፍ ቅዱስ በቂ ነው፣ ከሥነ ልቦና የሚለመን ነገር የለም የሚል ጠንካራ አቋም ይዞ ብዙ ተከታይ አፍርቷል። እኔ ወደ ቦይሰን አደላለሁ፤ ምክንያቴንም ከዚያው ከመጽሐፉ አገኛለሁ። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ያለ ሥርዓት የሚሄዱት እንዲገሠጹ፣ ድፍረት ያጡት እንዲጽናኑ፣ ደካሞች እንዲደገፉ ለየብቻ አዟል። ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ጥቅስ የሚመዝዝ አማካሪ ትእዛዙን የፈጸመ አይመስለኝም።

የዚህ አገልግሎት ትልቁ ድክመትም እዚሁ ላይ ነው፤ ጥራቱ በደረሰዎት አማካሪ ይወሰናል። አንዲት ዘመዴ ባሏ እንደሚመታት ልታማክር ብትሄድ፣ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ ለሚያገለግሉ አንድ ሽማግሌ ተመደበች። እርሳቸውም ኤፌሶን ምዕራፍ 5ን ከቁጥር 22 ጀምረው 24 ላይ አቆሙና በጸሎት እንድትታገሥ መክረው ሸኟት። ከፍ ብሎ ቁጥር 21 አንዱ ለሌላው እንዲገዛ፣ ዝቅ ብሎ ቁጥር 25 ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደደ እንዲወድ ያዝዛሉ፤ የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ያደርገዋል። ሁለቱም ሳይነሡላት ወደዚያው ቤት ተመለሰች። ጉዳዩ መጋቢው ዘንድ ሲደርስ ይቅርታ ጠይቆ ራሱ ተቀበላት፤ ሽማግሌው ግን እስካሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ወንበር ላይ ናቸው።

አጥቢያው ስለ ሕክምና ያለው አቋም ደግሞ የሚመሰገን ነው። እንቅልፍ ማጣቱ በጠናብኝ ጊዜ መጋቢው ሐኪም እንድጎበኝ ነገረኝ፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሰውም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እንደሚልክ አውቃለሁ። መድኃኒት ጣሉ የሚሉ መድረኮች ባሉበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐዋርያው «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ» ብሎ የጠራው ሰው እኮ ሐኪም ነበር።

ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎች ቀጠሮ በጽሕፈት ቤቱ በኩል መያዝ አለባቸው፤ አባልነት አይጠየቅም፣ መጋቢውን በስም መጠየቅም ይቻላል። ክፍሉ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ እሑድ ከሰዓት የልጆች መዝሙር ያውካል፤ የሥራ ቀናት ይሻላሉ። የቀጠሮው መዝገብ ግን ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ የሚውል ሲሆን፣ ከስም ቀጥሎ «ጉዳዩ» የሚል ዓምድ አለው፤ ተራዬን ስጠብቅ ከእኔ በፊት የተመዘገቡ ሰዎች የትዳርና የሱስ ጉዳይ ሳልፈልግ ዓይኔ ገብቷል። ይህን ለመጋቢው ነግሬው ነበር፤ መዝገቡ አልተቀየረም። «የግል ጉዳይ» ብላችሁ ብታስመዘግቡ ጸሐፊዋ አትከራከርም።