የጤና ኬላን አገልግሎት የሚመዝነው ካርድ፦ ምን ያሳያል፣ ምን ይሰውራል?

ስለ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ብዙ ተጽፏል። በዚህ ግምገማ የምመለከተው ግን ፕሮግራሙን ሳይሆን ጥራቱ የሚለካባቸውን መሣሪያዎች፣ በተለይም ተገልጋዩ ራሱ ነጥብ የሚሰጥበትን የማኅበረሰብ የውጤት መስጫ ካርድ ነው።

ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየገጠር ቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን መድቦ አንድ ጤና ኬላ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። የባለሙያዋ ዋና መዝገብ የቤተሰብ ማኅደር ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱ፣ የአጎበሩ፣ የክትባቱና የእርግዝና ክትትሉ መረጃ በየቤተሰቡ ተለይቶ ይቀመጥበታል። በማኅደሩ ያሉት የተገልጋዮች የጤና ካርዶች በወራት በተከፋፈለ ሣጥን ስለሚደረደሩ ቀጠሮዋ ያለፈባት እናት ካርድ ከቦታው ሳይነሣ ይቀራል፣ ባለሙያዋም ወደ ማን ቤት መሄድ እንዳለባት በቀላሉ ታውቃለች። ለዕለት ሥራ ከዚህ የተሻለ ነገር ማሰብ ይከብዳል፤ አሁን በየቦታው እየተተካ ያለው የታብሌት መተግበሪያም ይህንኑ አሠራር ይከተላል። ይሁን እንጂ ማኅደሩ አገልግሎቱ መሰጠቱን እንጂ እንዴት እንደተሰጠ አይነግረንም።

ይህ ክፍተት ምን ያህል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያመለክታል። በነፍሰ ጡርነታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ የታዩት እናቶች 62 በመቶ ሲሆኑ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ክትትል ያደረጉት 32 በመቶ ብቻ ነበሩ። ክትትል ጀምረው አራት ጊዜ ሳይሞሉ ያቋረጡት እናቶች ለምን ቀሩ የሚለው የጥራት ጥያቄ ነው። ጥናቱ ግን በዓመታት ልዩነት የሚመጣና በክልል ደረጃ የሚናገር በመሆኑ ለአንድ ቀበሌ መልስ የለውም።

የውጤት መስጫ ካርዱ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የማኅበረሰቡ ተወካዮች በየሩብ ዓመቱ የባለሙያውን ርኅራኄና አክብሮት፣ ወረፋ የሚፈጀውን ጊዜ፣ የመድኃኒትና የምርመራ አቅርቦትን፣ የተቋሙን ሕንፃና መሠረተ ልማት፣ የአምቡላንስ አገልግሎትን እንዲሁም ንጽሕናንና ደኅንነትን ይመዝናሉ፤ ውጤቱም ከጤና ተቋሙ ጋር በሚደረግ ውይይት ወደ ማሻሻያ ዕቅድ ይለወጣል። አክብሮትን ከመድኃኒት እኩል መመዘኛ ማድረጉ ብቻውን ትልቅ እርምጃ ነው፤ በምጥ ላይ ሳለች የተመናጨቀች እናት ቀጣዩን ልጇን የት እንደምትወልድ ለመወሰን ሌላ ምክንያት አያስፈልጋትም።

የካርዱ ድክመት ከጥያቄዎቹ ይልቅ በአሞላሉ ላይ ነው። ነጥቡ የሚሰጠው በስብሰባ ነው። በገጠር ቀበሌ ባለሙያዋ ጎረቤት ናት፤ ልጅ አስከትባለች፣ ለቅሶ ደርሳለች፣ ነገም ትፈለጋለች። በእንዲህ ያለ ቦታ ሰው ዝቅተኛ ነጥብ ለመስጠት ይሉኝታ ቢይዘው አይፈረድበትም፤ በተለይ ወጣት እናቶች በሽማግሌዎች ፊት ስለ ወሊድ አገልግሎት ቅሬታ እንዲያነሡ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሁለተኛው ችግር የበለጠ ስውር ነው። ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር ኬላው ሊዘጋ ይችላል፤ ይሁንና በር ተዘግቶበት የተመለሰ ሰው ያላገኘውን አገልግሎት በወረፋ ጊዜ መለካት አይችልም። መድኃኒት ሲጠፋም ዝቅተኛው ነጥብ የሚጻፈው በተቋሙ ስም ነው፤ እጥረቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአቅርቦት ሰንሰለቱ ላይኛው ክፍል ነው።

ያም ሆኖ ካርዱን ከሪፖርት ቁጥር አስበልጬ አምነዋለሁ፤ ቢያንስ ተገልጋዩን ይጠይቃልና። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ሊጠቀሙበት ይገባል፤ ነገር ግን ከስብሰባው በፊት እናቶች ለብቻቸው፣ ባለሙያዋን በማያውቅ የሌላ ቀበሌ ጠያቂ ቢጠየቁ፣ «መጥተው ተዘግቶ ያገኙት መቼ ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር፣ የአቅርቦት ነጥብም ለብቻው ተለይቶ መድኃኒት ለሚልከው አካል ቢደርስ፣ የካርዱ ነጥብ ምናልባት ዝቅ ይላል፤ የበለጠ የሚታመነውም ያኔ ነው።