ጥድ ልትገዙ ነው? የትኛውን ጥድ?

ችግኝ ጣቢያ ገብታችሁ «ጥድ አለ?» ብትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ «አለ» ነው። የትኛው ጥድ እንደሆነ ግን ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የለም። እኛ አገር በዚህ ስም በብዛት የሚሸጡት የሐበሻ ጥድ፣ የፈረንጅ ጥድ እና ፓቱላ ናቸው። አልፎ አልፎ ራዲያታ የሚባልም ይገኛል።

የሐበሻውና የፈረንጁ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከኩፕረሴሲ ቤተሰብ ናቸው። ፓቱላና ራዲያታ ግን ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ትክክለኛ ፓይኖች ናቸው። ፓይን ከመቶ በላይ ዝርያ አለው። አፍሪካ ውስጥ ሰው ሳይተክለው የሚበቅለው በሰሜኑ ጫፍ፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ አካባቢ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ያለው ፓይን በሙሉ መጤ ነው። ይሄ ነቀፋ አይደለም፤ ግን መጤ ዛፍ ስትገዙ የመጣበትን አገር አየር ማወቅ ያዋጣል።

ፓቱላ ከምሥራቅ ሜክሲኮ ተራሮች ነው የመጣው። ከታማውሊፓስ ተነስቶ በኢዳልጎ፣ በፑዌብላና በቬራክሩዝ አድርጎ እስከ ኦሃካ ይደርሳል። ከፍታው ከ1500 እስከ 3000 ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡን ሙቀት ባለበት ወቅት የሚያገኝ፣ ጉም የማይለየው ደጋ ነው። የእኛም ደጋ ዋናው ዝናብ ሙቀት ባለበት ወቅት ስለሚመጣ ዛፉ ብዙም እንግዳነት አይሰማውም። ራዲያታ ደግሞ የተፈጥሮ ቦታው በጣም ጠባብ ነው። ካሊፎርኒያ ዳርቻ ላይ ሦስት ቦታ፣ በተጨማሪም ሁለት የሜክሲኮ ደሴቶች፤ በቃ። እዚያ ዝናቡ በብርዱ ወቅት ነው የሚመጣው። ኒውዚላንድና ቺሊ ላይ ጣውላው ኢንዱስትሪ ሆኗል። ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ ግን ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሆኑና ዶቲስትሮማ የተባለ የቅጠል ፈንገስ ፈጀው። ኬንያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መትከሉን ትታ ወደ ፓቱላ ዞራለች። ርካሽ ነው ቢሏችሁም ራዲያታን ተዉት።

መለያው ከባድ አይደለም። የፓቱላ ቅጠል ረጅም መርፌ ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን አይግረማችሁ። ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ ከአንድ እግር ይወጣል፣ እንደ ታጠበ ፀጉርም ወደ ታች ይወርዳል። የራዲያታም ሦስት ሦስት ነው፤ ግን አጠር ያለ ነው፣ አይንጠለጠልም። የሐበሻ ጥድ ችግኝን ጨበጥ ስታደርጉት ይወጋል። ፍሬው ወፍ የሚለቅመው ትንሽ ሰማያዊ ነገር ነው። የፈረንጁ ፍሬ ግን ድቡልቡልና ደረቅ እንጨት ነው።

ፓቱላ የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ አፈሩ ከየት ነው? ፓይን ሥሩ ላይ አብሮት የሚኖር ፈንገስ ከሌለ ይቀጭጫል፣ ቢጫ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ አፍሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ የከሸፈው በዚህ ነው። ነገሩን የሚያውቅ ችግኝ አፍይ ከትልልቅ ፓይኖች ሥር አፈር አምጥቶ ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀላቅላል። «ያው አፈር ነው» ካላችሁ ሌላ ጣቢያ ሂዱ።

ለአጥር ከሆነ ብዙ አታስቡ፤ የፈረንጅ ጥድ ውሰዱ። መቀስ ይችላል፣ ጥቅጥቅ ይላል። እሱም የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ ነው። የላቲን ስሙ ፖርቱጋል ፖርቱጋል ቢልም፣ እዚያ ተተክሎ ስላገኙት ነው። ችግሩ ቅርንጫፉን የሚያደርቅ የጥድ አፊድ የሚባል ተባይ ነው።

ለጣውላ የፈረንጁም ፓቱላም በ20 እና በ25 ዓመት መካከል ለመጋዝ ይደርሳሉ። የሐበሻው ለልጅ ልጅ ነው። ግን ምስጥ የማይደፍረው፣ ምሰሶ ሆኖ ዘመን የሚሻገር፣ ሽታውም የሚያውድ እሱ ነው። ከአረቢያ ደቡብ ምዕራብ ተራሮች ጀምሮ በእኛ በኩል እስከ ዚምባብዌ የዘለቀ የራሳችን ዛፍ ነው። ደረቅ ተራራም ይችላል። ቦታ ካላችሁ፣ ባይቸኩልም ጥቂት እግር ብትተክሉ እኔ ደስ ይለኛል። ጣውላውን ስትገዙ ግን በሕግ የሚጠበቅ ዛፍ ስለሆነ ፈቃዱን እዩ።

ባሕር ዛፍ የለመዳችሁ ደግሞ ይሄን ልብ በሉ፦ ሦስቱም አንዴ ከተቆረጡ አያቆጠቁጡም። እንደገና ችግኝ መግዛት አለባችሁ።

የፓቱላ ጣውላ ነጣ ያለ፣ ቀላል፣ ሚስማር በቀላሉ የሚቀበል ነው። ለፎርም (ኮንክሪት ለሚፈስበት ሳጥን) እና ለቤት ውስጥ ሥራ ጥሩ ነው። መድኃኒት ሳይነከር ግን መሬት አይንካ። ስትገዙ ጫፉን እዩ። ሰማያዊ ጥላ ካለበት ተሰንጥቆ ሳይደርቅ ተከምሮ ከርሟል ማለት ነው። ጥንካሬው ብዙም አይጎዳም፤ ለኮርኒስ ግን ያስጠላል። ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ሰበብ ነው።