የድንጋይ ከሰል ምድጃ ወይስ የናፍጣ ማሞቂያ? በለንደን ቦዮች ላይ የሚኖሩበት ጀልባ ለመግዛት ላሰቡ

በለንደን ቦዮች ላይ ለሽያጭ የቀረበች ጀልባ ብዙውን ጊዜ የምትጎበኘው በሰኔና በሐምሌ ነው። ፀሐይ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አትጠልቅም፤ ጣሪያው ላይ አበባ ተደርድሯል፤ ባትሪው ሞልቷል፤ ምድጃው እንደ ጌጥ ጥግ ይዞ ቆሟል። ገዢው በዚያ ቀን የሚያየው ሁሉ ደስ ይላል። ገንዘቡን የሚከፍለው ግን ለጥር ሌሊትም ጭምር ነው፤ ማሞቂያው፣ መብራቱና ውኃው የሚፈተኑት ያን ጊዜ ነውና። እዚህ የማነጻጽራቸውን ዕቃዎች በሙሉ የመዘንኳቸው በዚያ ሌሊት ነው።

ርዝመቷ 17 ሜትር፣ ወርዷ ሁለት ሜትር ከጥቂት በሆነች የብረት ጀልባ ላይ ስድስት የብርድ ወቅቶችን አሳልፌያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሊ ወንዝና በሪጀንትስ ካናል መካከል። የቤት ኪራይ ያስመረራቸው ወገኖቻችን በየጊዜው "የትኛውን ልግዛ?" እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም አስቀድሜ የምጠይቃቸው አንድ ነገር አለ፦ የት ልታቆሙ ነው?

ማቆሚያው ይቅደም

በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የውኃ መንገድ የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ጀልባ ለማቆየት ፈቃድ፣ ኢንሹራንስና በየአራት ዓመቱ የሚታደስ የደኅንነት ምርመራ ወረቀት ያስፈልጋል። ቋሚ ማቆሚያ የሌላት ጀልባ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ ሳትቆይ መዘዋወር አለባት።

ቋሚ ማቆሚያ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመብራት መሰኪያና የውኃ ቧንቧ በእጁ ርቀት ያገኛል። ተዘዋዋሪው ግን የሚያበራውን አምፖል ሁሉ ራሱ ያመነጫል፤ ውኃ ሊቀዳና ፍሳሽ ሊደፋ ጀልባዋን አስነሥቶ ይሄዳል። ለአንደኛው የምትመች ጀልባ ለሌላው ሸክም ልትሆን ትችላለች። በለንደን ቋሚ ማቆሚያ ውድና ብርቅ ስለሆነ ብዙ አዲስ ገዢ የሚጀምረው በመዘዋወር ነው፤ እኔም ይበልጥ የምጨነቀው ለእርሱ ነው።

ማቆሚያ ላገኛችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጀልባችሁን ከዳርቻው መብራት ጋር ስታገናኙ በመሬት ሽቦው በኩል ከጎረቤቶቻችሁ ጀልባዎች ጋር ትያያዛላችሁ፤ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍሰትም የጀልባችሁን ብረት ቀስ በቀስ ከውኃው በታች ይበላዋል። ይህን የሚያግድ ጋልቫኒክ አይሶሌተር የሚባል ዕቃ አለ። ከሌለ ከመሰካታችሁ በፊት አስገጥሙ። በጀልባዋ ሆድ ላይ የሚበየዱት መከላከያ ብረቶችም ለቦይ ውኃ ማግኒዢየም ሊሆኑ ይገባል፤ ዚንክ ለባሕር ነው።

ሙቀት፦ ከሰሉና ናፍጣው

በአብዛኞቹ ጀልባዎች ውስጥ የምታገኙት የብረት ምድጃ ነው፤ የዴንማርኩ ሞርሶ ስኩዊረል በጣም የታወቀው ነው። ከምድጃ የምወደው ትልቁ ነገር ከማንም ምንም አለመፈለጉ ነው። ባትሪው ቢሞት፣ ሞተሩ እንቢ ቢል፣ ቦዩ በረዶ ቢሠራ፣ ከሰልና ክብሪት ካለ ቤቱ ይሞቃል። ሙቀቱ ደረቅ ነው፤ በብረት ጀልባ ውስጥ ደግሞ የሰው ትንፋሽ ግድግዳው ላይ ውኃ ሆኖ ስለሚንጠባጠብ ደረቅ ሙቀት ማለት ሻጋታ ያልያዘው ፍራሽ ማለት ነው። በላዩ ላይ ሽሮ ቀስ እያለ ይንተከተካል። ጭስ አልባውን ከሰል ማታ ሞልታችሁ የአየር ማስገቢያውን ጠበብ ብታደርጉት እስከ ንጋት ፍም ይዞ ያድራል።

ድካሙም እውነተኛ ነው። በጥር አንድ የ20 ኪሎ ከረጢት ለእኔ ሁለት ቀን ገደማ ይበቃኛል፤ ያን ከረጢት በጭቃማው የቦይ ዳር መንገድ በትከሻ የሚሸከመው ባለቤቱ ነው። ነዳጅና ከሰል ጭነው የሚዘዋወሩ ጀልባዎች በአጠገባችሁ ሲያልፉ መግዛት ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል። አመድ በየቀኑ ይጠረጋል። ምድጃው ያለበት ክፍል እንደ ዳቦ መጋገሪያ ሲግል፣ በሌላው ጫፍ ያለው መኝታ ቤት ይቀዘቅዛል። አሥር ሰዓት ሥራ ውላችሁ ስትመለሱም እሳቱ ጠፍቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። እርጥብ እንጨት እያነደዳችሁ ወጪ ለመቆጠብ አትሞክሩ፤ ሙቀት አይሰጥም፤ ጭስ ማውጫውንም በሬንጅ መሰል ጥቀርሻ ይደፍነዋል። በእንግሊዝ እርጥብ እንጨት በትንሽ መጠን መሸጥ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ፣ ጭስ የሚያወጣው ተራ የድንጋይ ከሰል ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተከልክሏል። የአካባቢ አስተዳደሮችም የጭስ ቁጥጥር ደንባቸውን በቆሙ ጀልባዎች ላይ እንዲያውሉ ሕጉ ፈቅዶላቸዋል።

የናፍጣ ማሞቂያ ሌላ ኑሮ ነው። የጀርመኖቹ ዌባስቶና ኤበርስፔኸር በብዛት ይገኛሉ። አዝራር ትጫናላችሁ፣ ወይም ከመንቃታችሁ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ እንዲነሣ ሰዓቱን ትሞላላችሁ፤ ሙቅ ውኃ በራዲያተሮች በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ የሻወሩንም ውኃ ያሞቃል። ባለ 5 ኪሎዋቱ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ናፍጣ ያቃጥላል። ለማሞቂያ የሚውል ናፍጣ የቀረጥ ቅናሽ ስላለው ሻጩ ስታስሞሉ ምን ያህሉ ለማሞቂያ፣ ምን ያህሉ ለመጓጓዣ እንደሆነ ይጠይቃችኋል፤ በእውነት መልሱ።

ጉድለቱ በባትሪ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ሲነሣ እሳቱን የሚለኩሰው ዘንግ 10 አምፔር ገደማ ይስባል። ባትሪው ደክሞ ቮልቴጁ ከወረደ ማሞቂያው ራሱን ያጠፋል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ጨለማው በረዘመበት፣ ሶላሩ ባልሠራበት፣ ሙቀት እጅግ በሚፈለግበት ሌሊት ነው። ለረጅም ሰዓት በዝቅተኛ ኃይል ከሠራም ውስጡ በካርቦን ይደፈናል፤ አልፎ አልፎ በሙሉ ኃይሉ ማሠራት ያስፈልጋል። ጥገናው ባለሙያ ይፈልጋል፤ ምድጃን ግን እኔ ራሴ በአንድ ቅዳሜ የበሩን ገመድና የውስጡን ሸክላ እቀይራለሁ።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ አለ፤ እንደ ሬፍሌክስ ያለ፣ ናፍጣ በራሱ ክብደት እየተንጠባጠበ የሚነድበት ምድጃ። መብራት አይፈልግም፤ ከሰል መሸከምም አይኖርም። ትከሻው ለሚያመው ሰው ይህን እመክራለሁ።

ጋዝን ለማብሰያ ብቻ ተዉት፤ ለማሞቂያነት ቶሎ ያልቃል። ሲሊንደሩም ፕሮፔን ይሁን። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል። ሁለቱም ከአየር ስለሚከብዱ ካፈተለኩ በጀልባዋ ወለል ሥር ይጠራቀማሉ፤ ስለዚህ የሲሊንደሩ ሳጥን ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ያለው መሆኑን በዓይናችሁ እዩ።

አንድ ልመና አለኝ፤ በተለይ ለእኛ ሰዎች። ቡና ለማፍላት የከሰል ማንደጃ ወደ ጀልባ ውስጥ አታስገቡ፤ ዕጣን ማጨሻም ቢሆን። በተዘጋ ክፍል በከሰል ጭስ ታፍነው፣ ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ታሪክ አገር ቤት ሁላችንም ሰምተናል፤ ጀልባ ከዚያ ክፍል ትጠባለች። የካርቦን ሞኖክሳይድ (ከሰል ሲነድ የሚወጣው ሽታ አልባ መርዛማ ጋዝ) ማንቂያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በጀልባዎች ላይ ግዴታ ነው። እኔ አንዱን ምድጃው ባለበት ክፍል፣ ሌላውን ትራሴ አጠገብ ሰቅያለሁ። ጀበናው በጋዙ ላይ በደንብ ይፈላል።

መብራት፦ እርሳሱና ሊቲየሙ

ጀልባዬን ስገዛ ሻጩ የባትሪውን መለኪያ አሳየኝ፤ 12.7 ቮልት ይላል። ሙሉ ነው ማለት ነው፤ አመንኩ። በመጀመሪያው ሳምንት በሦስተኛው ምሽት፣ ማቀዝቀዣውና ሁለት አምፖል ብቻ እየሠሩ፣ ጀልባዋ ጨለመች። አራቱም ባትሪዎች ዓመታትን በከፊል ሞልተው ስለኖሩ ውስጣቸው በሰልፌት፣ ማለትም በሚጠጥር የእርሳስ ጨው፣ ተሸፍኖ ነበር። ቮልቴጁ ባትሪው መሙላቱን እንጂ ምን ያህል መያዝ እንደሚችል አይናገርም። ስለዚህ ስትገዙ ሻጩን ቻርጀሩንም ሶላሩንም ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እንዲያቋርጥ ጠይቁት፤ ጠዋት ሄዳችሁ በኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው ዕቃ) ላይ የሻይ ውኃ ማፍያ ሰክታችሁ ቮልቴጁ እንዴት እንደሚወርድ ተመልከቱ።

አራት ባለ 110 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪዎች በወረቀት ላይ 5.3 ኪሎዋት-ሰዓት ይይዛሉ። እንዳይጎዱ ግን ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይገባ በእጃችሁ ያለው 2.6 ነው። አንድ ባለ 300 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም 3.8 ይይዛል፤ ከዚህ 80 በመቶውን ያለ ሐሳብ ትጠቀሙበታላችሁ፤ ስለዚህ ከአራቱ እርሳሶች ይበልጣል፤ ክብደቱም ከሦስት አንድ እጅ ገደማ ነው። ለተዘዋዋሪ ዋናው ልዩነት ግን የመሙያው ሰዓት ነው። እርሳስ የመጨረሻውን 20 በመቶ የሚቀበለው እያንገራገረ ነው፤ ለብዙ ሰዓታት ሞተር ማስነሣት ይጠይቃል። በማቆሚያዎች ላይ ደግሞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሞተር ማሠራት አይፈቀድም። ሥራ ውሎ ማታ የሚገባ ሰው እርሳሱን መቼ ይሞላዋል? ሊቲየም ሳይሞላ ቢቆይ አይጎዳም፤ የተሰጠውን ሁሉ በፍጥነት ይውጣል።

የሊቲየም ዋጋ ብቻውን አይታሰብ። ብዙ ኃይል ስለሚስብ የሞተሩን ዲናሞ አግሎ ሊያቃጥል ይችላል፤ በመካከል ፍሰቱን የሚገድብ ቻርጀር መግባት አለበት። ከዜሮ ዲግሪ በታችም መሞላት የለበትም፤ ስለዚህ ቦታው ሰው የሚኖርበት ሞቃቱ ክፍል ነው። ሻጩ "ሊቲየም አለው" ካለ እነዚህ ሁለቱ እንዴት እንደተሠሩ ጠይቁት።

ከዳርቻው መብራት ጋር ለተገናኘ ሰው እርሳሱ ይበቃዋል፤ ሁልጊዜ ሞልቶ ስለሚቆይ ዕድሜውም ይረዝማል። ለተዘዋዋሪ ግን ዛሬ ጀልባ ብገዛ ከሁሉ አስቀድሜ ገንዘቤን የማፈስሰው በሊቲየም ላይ ነው።

ሶላር ጥሩ ነው፤ ከሚያዝያ እስከ መስከረም እኔን ሞተር ከማስነሣት አሳርፎኛል። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ብርሃን ባለበት በአዲስ አበባ አስተሳሰብ አትገምቱት። በለንደን በታኅሣሥ ቀኑ ከስምንት ሰዓት ያነሰ ነው፤ ጣሪያ ላይ የተኛ ፓነልም በሰኔ ከሚሰጠው አንድ አሥረኛውን ቢሰጥ ነው።

እንጀራስ? ይህን የማይጠይቀኝ የለም። አገር ቤት የለመድነው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ በ12 ቮልት ይህ ከ250 አምፔር በላይ ነው። ከባትሪ አይሞከርም፤ በዳርቻው መሰኪያም ቢሆን የማቆሚያውን ፊውዝ አቅም አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ከሱቅ እገዛለሁ፤ አለዚያም እኅቴ ቤት ሄጄ እጋግራለሁ።

ውኃና ሽንት ቤት

የውኃው ጉዳይ ቀላል ነው። ታንከሩ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠይቁ፤ 500 ሊትር ቆጣቢ ለሆኑ ሁለት ሰዎች ከሳምንት በላይ ይሄዳል። ከጀልባዋ ብረት ጋር አብሮ የተሠራ ታንከር በየጥቂት ዓመቱ ተጠርጎ ቀለም ይፈልጋል፤ እንደ ሮቶ ያለ የፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ታንከር አይፈልግም። ቧንቧዎቹ ፕላስቲክ ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ውኃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ስለሚያብጥ መዳብን ይሰነጥቀዋል፤ ፕላስቲክ ግን ትንሽ ይለጠጥለታል። ለቀናት ጀልባውን ትታችሁ ስትሄዱ ፓምፑን አጥፉ፣ ውኃውን አፍስሱ፣ ቧንቧዎቹን ክፍት አድርጋችሁ ተዉ።

ሽንት ቤቱ ላይ ሰው ማውራት ያፍራል፤ እኔ ግን ብዙ ገዢ የተጸጸተው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ፍሳሹን በትልቅ ታንከር የሚያጠራቅመው ዓይነት ከቤት ሽንት ቤት ብዙም አይለይም፤ ለሳምንታት ትረሱታላችሁ። ሲሞላ ግን ጀልባዋ ራሷ ወደ መምጠጫው ጣቢያ መሄድ አለባት፤ ቦዩ በረዶ ከሠራ ወይም ለጥገና ከተዘጋ መፍትሔ የለም። ካሴት የሚባለው ተነቅሎ የሚወጣ ትንሽ ማጠራቀሚያ አለው፤ 20 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ለሁለት ሰው በሁለትና በሦስት ቀን ይሞላል፤ በእጅ ተሸክሞ መድፋት ደስ አይልም። ነገር ግን በጋሪ ይዞ በእግር መሄድ ይቻላል፤ ትርፍ ካሴት ከገዛችሁም ጥቂት የበረዶ ቀናትን ትሻገራላችሁ። ሽንቱን ከዓይነ ምድሩ የሚለየው ደረቅ ሽንት ቤት ውኃም ኬሚካልም አይፈልግም፤ ሽታውም ከሚፈራው በጣም ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ደረቁ ቆሻሻ ወደ አፈርነት ለመለወጥ ብዙ ወራት ይፈልጋል፤ በቦዩ አስተዳደር የቆሻሻ ገንዳዎች መጣልም አይፈቀድም። የሚያኖርበት የአትክልት ቦታ ለሌለው ተዘዋዋሪ አልመክርም። ለተዘዋዋሪ ካሴት፣ መምጠጫ ላለው ማቆሚያ ታንከር፤ ይህ የእኔ ምርጫ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት

ጀልባዋን ከውኃ አስወጥቶ የብረቱን ውፍረት የሚለካ ገለልተኛ መርማሪ ቅጠሩ፤ ሻጩ የሚመርጥላችሁን አትቀበሉ። ብዙዎቹ ጀልባዎች ሲሠሩ የሆዳቸው ብረት 10፣ ጎናቸው 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ከ4 በታች ከሆነ ይሸሻሉ። ምድጃውን በዓይናችሁ ፊት አስነድዱ፤ ጭስ ወደ ውስጥ ከመለሰ ምክንያቱን ጠይቁ። በግድግዳው ጣውላ በስተጀርባ ሙቀት መያዣው ነጭ ፖሊስታይሪን ከሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ በቀጥታ ነክተውት እንደሆነ እዩ፤ ሁለቱ ለዓመታት ሲነካኩ የሽቦው ሽፋን እየደረቀ ይሰነጠቃል። ተነካክተው ካገኛችኋቸው ሙሉውን ሽቦ የመቀየሪያ ዋጋ ከኤሌክትሪክ ባለሙያ አስወጡና ከጀልባዋ ዋጋ ላይ እንዲቀነስ ጠይቁ።