ሚኒሶታ ቤት ላላችሁ፦ የጣሪያ ማሞቂያ ገመድ ሊሸጡ በር የሚያንኳኩትን ተጠንቀቁ

ወቅቱ ደርሷል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ቤት የገዛን ኢትዮጵያውያን ቅጠል መርገፍ ሲጀምር በራችን የሚንኳኳው ያለ ምክንያት አይደለም። አምና ጥር ላይ ከክፍክፉ በረዶ ተንጠልጥሎ፣ ኮርኒሱ ውኃ አንጠባጥቦ የተጨነቀ ሰው ዘንድሮ መፍትሔ ነው የተባለውን ሁሉ ለመግዛት ዝግጁ ነው። ሻጮቹ ይህን ያውቃሉ። አሁን አሁን ደግሞ አማርኛ የሚናገር ሰው አስከትለው ይመጣሉ፤ የአገር ልጅ ሲያዩ ብዙዎች ወረቀቱን ሳያነቡ ይፈርማሉ።

ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ እናት የፈረሙትን ውል እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ዋጋው 6,400 ዶላር ነው፤ ግማሹ በቀብድ ተከፍሏል። የሚሠራው ሥራ በአንድ መስመር ተጽፏል፦ በጣሪያው ጠርዝና በአሸንዳው ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገመድ መዘርጋት። የገመዱ ርዝመት አልተጠቀሰም፤ የማን ምርት እንደሆነና ከቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ማን እንደሚያገናኘውም አልተገለጸም። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ግን ቀብዱ እንደማይመለስና ወደ ቤት ውስጥ ለሚገባ ውኃ ድርጅቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ ሰፍሯል። እኚህ እናት ገንዘባቸውን ያወጡት እኮ ውኃ እንዳይገባባቸው ነው! በቃል የተነገራቸው «የዕድሜ ልክ ዋስትና» በወረቀቱ ላይ አንድም ቦታ የለም።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን ሻጩ ከኮርኒሱ በላይ ምን እንዳለ አለመጠየቁ ነው። ጣሪያውን ከውጭ ፎቶ አንሥቶ ዋጋ ተናገረ። በረዶ በጣሪያ ጠርዝ ላይ የሚጋገረው በአብዛኛው ከቤት ውስጥ በሚያመልጥ ሙቀት ነው። ሞቃት አየር በኮርኒስ መብራቶች ቀዳዳ፣ በቧንቧና በጭስ ማውጫ ዙሪያ ሽቅብ ያመልጥና ጣሪያውን ከሥር ያሞቀዋል። ላዩ ላይ ያለው በረዶ ይቀልጣል፤ ውኃው ቁልቁል ወርዶ ክፍክፉ ጋ ሲደርስ፣ ከክፍክፉ ሥር ሙቀት ስለሌለ፣ ተመልሶ ይጋገራል። ግግሩ እያደር ግድብ ይሆናል። ከጀርባው የተጠራቀመው ውኃ መሄጃ ሲያጣ በሺንግሎቹ (ጣሪያው በተሸፈነባቸው ተደራራቢ ንጣፎች) ሥር ይገባል፤ ሺንግል የሚወርድን ውኃ እንጂ የቆመ ውኃን እንዲችል አልተሠራም።

ገመዱ የሚያደርገው በግግሩ መካከል ጠባብ የውኃ መውረጃ መክፈት ነው፤ ያንንም ኤሌክትሪክ እየበላ። የሚያመልጠው ሙቀት ማምለጡን አያቆምም። ገመድ ፈጽሞ አይረባም አልልም፤ ሌላው ሁሉ ተሠርቶ፣ የጣሪያው ቅርጽ አስቸጋሪ ሆኖ አንድ ጥግ ላይ ችግሩ ከቀረ፣ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢዘረጋው ይጠቅማል። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም መፍትሔ ይኸው ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ግን አትመኑት።

ባትሪ ይዤ ወደ እኚያ እናት አቲክ፣ ማለትም በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ወዳለው ክፍት ቦታ፣ ወጣሁ። የመውጫው ክዳን ስስ ጣውላ ነው፤ ላዩ ላይ ምንም አልተነጠፈበትም። የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ ቱቦ ከመገጣጠሚያው ወልቆ እንፋሎቱን ወደ ውጭ ሳይሆን እዚያው አቲክ ውስጥ ይተፋል። በቧንቧው ዙሪያ ያለው ቢጫ ፋይበር ጠቁሯል፤ አየር ለዓመታት ሲያልፍበት አቧራውን እያጣራ ያስቀረው ነው። እንደዚህ የጠቆረ ቦታ ካያችሁ ሙቀታችሁ የሚሄደው በዚያ ነው። ኢንሱሌሽኑም (ሙቀት እንዳያመልጥ ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፈው ነገር) የኮርኒሱን እንጨቶች እንኳ አልሸፈነም፤ በሚኒሶታ ለአዲስ ቤት የሚጠየቀው በሙቀት መከላከያ መለኪያ አር-49 ሲሆን፣ ይህም እንደ ዓይነቱ ወደ 14 ኢንችና ከዚያም በላይ ውፍረት ማለት ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳዎቹ ይደፈኑ፤ ኢንሱሌሽን የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ላዩ ላይ ቢከመር አየሩ በመካከሉ ማለፉን ይቀጥላል። የመብራትና የጋዝ አቅራቢዎቹ ኤክሴል ኢነርጂና ሴንተርፖይንት ኢነርጂ ለደንበኞቻቸው የቤት ኃይል ምርመራ አገልግሎት አላቸው፤ በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ተገጥሞ ቤቱ አየር የሚያፈስበት ቦታ የሚለይበትን ምርመራ ጠይቁ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ደግሞ ቀዳዳ መድፈኑንና ኢንሱሌሽን መጨመሩን በነፃ የሚያሠራ የፌዴራል መንግሥት ፕሮግራም አለ። በአሮጌ ቤት አቲክ ውስጥ ጠጠር የሚመስል፣ ግራጫና ወርቃማ ነገር ካያችሁ ግን አትንኩት፤ ቨርሚኩላይት የሚባል የድሮ ኢንሱሌሽን ሊሆን ይችላል፤ ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ባለሙያ ይየው።

ጥር ላይ በረዶው አንዴ ከተጋገረ በመዶሻና በመጥረቢያ የሚሰብር ሰው አታስወጡ፤ ሺንግሉን ይፈነካክተዋል። ይልቅ በእንፋሎት የሚያቀልጥ ድርጅት ደውላችሁ አስመጡ። ከዚያ በፊት፣ በረዶ በጣለ ቁጥር መሬት ላይ ቆሞ በረጅም የጣሪያ መጥረጊያ በረዶውን ከጠርዙ ላይ ማውረድ ብዙ ይረዳል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ግን ተጠንቀቁ።

በሚኒሶታ ጣሪያ የሚሠራ ድርጅት ከግዛቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መምሪያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ስሙን በመምሪያው ድረ ገጽ ፈልጉ። ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ቢያጭበረብራችሁ ካሣ የምትጠይቁበት የግዛቱ ፈንድ አለ፤ ፈቃድ የሌለው ቢበላችሁ ግን ከዚህ ፈንድ ምንም አታገኙም። «ኢንሹራንሱ ከኪስዎ ክፈሉ የሚልዎትን ድርሻ እኛ እንሸፍናለን» የሚላችሁንም አሰናብቱት፤ በሚኒሶታ ሕግ የተከለከለ ነው።

ፈርማችሁ ከሆነም አልመሸም። ሳትጠሩት ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ያስፈረማችሁን ውል በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት መሰረዝ ትችላላችሁ፤ ሻጩም ገንዘቡን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት። «ቀብድ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ይህን መብት አይሽረውም። ስረዛው በጽሑፍ ይሁን፤ በአደራ ደብዳቤ ላኩት፤ ቅጂውንና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አስቀምጡ። አልመልስም ካለ ለግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አቤት በሉ። ቀን ቀን ብቻቸውን ቤት የሚውሉ ወላጆች ያላችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯቸው፦ እናንተ ሳታዩት ምንም ወረቀት እንዳይፈርሙ።