ወንበሩ ስላልተመቸኝ የተውኩት የመኪና ኪራይ

ይህ አስተያየት በመሀል አዲስ አበባ፣ ከቦሌ መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ የሚገኝ አንድ የመኪና አከራይ ድርጅት በአንድ ዓመት ውል የሚሰጠውን የኪራይ አገልግሎት ይመለከታል። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ቅሬታዬ በአመዛኙ የሚያርፈው በብዙ አከራዮች ዘንድ በተለመደ የውል አጻጻፍ ላይ እንጂ በዚህ ቤት ላይ ብቻ አይደለምና። መኪናው በመካኒክ ዓይን ሲታይ እንከን የለሽ ነበር፤ የቢሮው ሠራተኞች ጨዋዎች ናቸው፤ ሰርቪሱም በቀጠሮው ይሠራል። ያም ሆኖ ውሉ ሳያልቅ ወጥቻለሁ፤ ያስወጣኝም የአሽከርካሪው ወንበር ነው።

ወርሃዊው ክፍያ ሙሉ የመድን ሽፋንን፣ ዓመታዊ ምርመራንና ቦሎን፣ ሰርቪስንና ያለቀ ጎማ መቀየርን ያጠቃልላል፤ ቻርጅ ማድረግና የመኪና ማቆሚያ ክፍያ የተከራዩ ድርሻ ነው። በስልክ የሚነገረው ዋጋ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተጨመረበት በመሆኑ፣ ዋጋ የሚያወዳድር ሰው ይህን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ውሉ ሲፈረም የሁለት ወር ኪራይ የሚያህል ማስያዣ ይከፈላል። ተከራዩ ከዓመቱ በፊት ለመውጣት ከፈለገ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠትና የሁለት ወር ኪራይ ቅጣት መክፈል ይኖርበታል። የቅጣቱና የማስያዣው መጠን እኩል መሆኑ እንዲያው የተገጣጠመ አይመስለኝም፤ ድርጅቱ ማንንም መክሰስ ሳያስፈልገው ቅጣቱን በእጁ ካለው ገንዘብ ላይ ያስቀራል ማለት ነው።

ለምርጫ የቀረቡልኝ አዳዲስ መኪኖች በሙሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ አከራዮች አዲስ የቤት መኪና ማስገባት የሚችሉት በዚሁ መንገድ ነው። በግቢው የነበሩት የቤንዚን መኪኖች ያረጁና አስቀድመው የተያዙ ነበሩ። በኤሌክትሪክነቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ጸጥታው ብቻውን ለመሀል ከተማ ነጂ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ድርጅቱ ከአንድ ሞዴል ብዙ መኪኖችን በአንድ ጊዜ ስላስገባ፣ ወንበሩ ያልተስማማው ደንበኛ ሌላ መኪና ይቀየርልኝ ቢል የሚያገኘው ያንኑ ወንበር በሌላ ቀለም ነው።

ወንበሩ መልኩ ያማረ ነው። ጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ በነጭ ክር የተሰፋ፣ የራስ መደገፊያው ከጀርባው ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ፣ በኤሌክትሪክ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከመቀመጫው ርዝመት ላይ ነው። ሰው ጀርባውን አስደግፎ ሲቀመጥ በመቀመጫው የፊት ጠርዝና በቋንጃው መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊተርፍ ይገባል፤ ካልተረፈ ጠርዙ ቋንጃን እየተጫነ እግርን ያደነዝዛል። እኔ ቁመቴ አጭር ነው። ወገቤን ከመደገፊያው ሳስጠጋ ጠርዙ ቋንጃዬን ይጫነኛል፤ ከጠርዙ ለመሸሽ ወደፊት ስንሸራተት ደግሞ ወገቤ ከመደገፊያው ይርቅና ከኋላዬ ባዶ ቦታ ይቀራል። ወገብን መደገፍ የሚገባው እብጠት ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ እኔን የሚያገኘኝ ከትከሻዬ አጥንት ሥር ነው፤ ዝቅ ማድረጊያ የለውም። የራስ መደገፊያው ወደፊት አዘንብሏል። ይህ የሚደረገው መኪናው ከኋላ ሲገጭ ጭንቅላት ወደኋላ ተወርውሮ አንገት እንዳይጎዳ ነው፤ ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ከፍና ዝቅ ስለማይል ለአጭር ሰው አናት አካባቢ እየገፋ አገጭን ወደ ደረት ያስጎነብሳል።

ወንበሩን ወደፊት ማስጠጋት ይቻላል የሚል ሰው ይኖራል። ይቻላል፤ ግን ገደብ አለው። ከመሪው መሀል እስከ አሽከርካሪው ደረት ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት እንዲኖር የሚመከረው ኤርባጉ በሚፈነዳበት ጊዜ ሰውየውን ራሱን እንዳይጎዳ ነው። እኔ ፔዳሉን በምቾት ለመርገጥ ስጠጋ ይህን ርቀት ማግኘት የምችለው የወንበሩን ጀርባ ወደኋላ አዘንብዬ ነው፤ ሳዘነብለው ደግሞ እጄ ከመሪው ይርቃል። መሪው ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ወደ አሽከርካሪው አይሳብም። መሪው ቢሳብ ኖሮ ይህን አስተያየት ባልጻፍኩ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከኋላ የሚቀመጡትም ሌላ ነገር ያነሣሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከወለሉ ሥር ስለሚነጠፍ ወለሉ ከፍ ይላል፤ መቀመጫው በዚያው መጠን ካልተነሣ የረጅም ሰው ጉልበት ወደ ላይ ይወጣና ጭኑ ከስፖንጁ ይነሣል፤ ክብደቱም በሙሉ በዳሌ አጥንቱ ላይ ያርፋል። ይህ ግን የእኔ ጉዳይ ስላልሆነ አልገፋበትም።

እንዲህ ያለው ወንበር በአሥር ደቂቃ አይታወቅም። ድርጅቱ የሚፈቅደው የሙከራ ጉዞ ከግቢው ወጥቶ እስከ ደምበል ደርሶ መመለስ ነው፤ በዚያ ርቀት የማይመች ወንበር የለም። የእኔ የዘወትር መንገድ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በቤተ መንግሥቱና በሂልተን በኩል ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ ይወርዳል፤ ከዚያ በስታዲየምና በለገሀር አልፎ ሜክሲኮ ይደርሳል። ቁልቁለቱ ላይ መቀመጫው የፊት ጠርዙ ወደ ላይ ስለማይነሣ ሰውነት ቀስ በቀስ ወደ ፔዳሉ ይንሸራተታል፤ ሰውም ሳያውቀው በእግሩ እየገፋ ራሱን ወደኋላ ይመልሳል። ስታዲየም ጋ ሲደረስ ደግሞ መቆም ነው። ቆሞ መቀመጥ ለወገብ ከመንዳት አይሻልም። ሰው ወገቡ ሳይደገፍ ሲቀመጥ የአከርካሪው ተፈጥሯዊ ጉብጠት ይጠፋና በአጥንቶቹ መካከል ባሉት ዲስኮች ላይ የሚያርፈው ጫና ቀጥ ብሎ ከመቆም ይበልጣል፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን የተደረጉ ልኬቶች አሳይተዋል። ሜክሲኮ ደርሼ ከመኪናው ስወርድ በሩን ተደግፌ ወገቤን እስካቃና ድረስ የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ ደረሰኙን ይዞ በትዕግሥት ይጠብቀኝ ነበር።

መፍትሔ ያልኩትን ሁሉ በተራ ሞክሬአለሁ። የወገብ ትራስ ወገብን ይደግፋል፤ ግን ሰውነትን በውፍረቱ ልክ ወደ መሪው ስለሚያስጠጋ ከላይ ወደ ጠቀስኩት የኤርባግ ርቀት ይመልሰናል። ወፍራም የወንበር ልብስ ማልበስ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፤ በዚህ መኪና የጎን ኤርባጉ የሚወጣው ከወንበሩ ጀርባ የውጭ ጠርዝ ስለሆነ ለዚያ ተብሎ ያልተሰፋ ልብስ መውጫውን ሊዘጋው ይችላል። የመኪና ወንበር የሚያድስ ባለሙያ ስፖንጁን ከፊት ቆርጦ ሊያሳጥረው እንደሚችል ነግሮኛል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ይሁን እንጂ ውሉ በተሽከርካሪው ላይ ማናቸውንም ለውጥ ማድረግ ስለሚከለክል እሱም መንገድ ተዘጋ።

ወደ ድርጅቱ በጽሑፍ ባመለከትኩ ጊዜ መልሱ ፈጣን ነበር፤ በዚህ አመሰግናቸዋለሁ። የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው፣ መኪናውን ግቢ ውስጥ አስቁመው ወንበሩን ወደፊትና ወደኋላ አመላለሱት። «እህቴ፣ አልተሰበረም፣ አልተቀደደም፤ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ራስዎ ይቀመጡበት» አልኳቸው። ተቀመጡ፤ ረጅም ናቸው፤ ጀርባቸውን አስደግፈው መሪውን ያዙና በሐቀኝነት «ለኔማ ይመቻል» ብለው ሣቁ። በጊዜው አልሣቅኩም፤ ነገር ግን በኋላ መውጫውን ያሳየኝ ይኸው ንግግራቸው ነው።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ተስፋ የሚያስጥል ነገር የለም፤ ብዙ ተስፋ የሚሰጥም የለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል፤ ከቁጥር 1889 ጀምሮ ደግሞ ተዋዋዮች ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን የሚከፍለውን ካሣ አስቀድመው መወሰን እንደሚችሉ ይደነግጋል። ስለዚህ የሁለት ወሩ ቅጣት ከላይ ሲታይ መሠረት አለው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና አማርጦ የመግዛት መብት ይሰጠዋል፤ ይሁን እንጂ ወንበሩ አልተደበቀብኝም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የመቀመጫውን ርዝመት አልነገሩኝም ብሎ መክሰስ ደግሞ ዳኛን ያስፈግጋል። የርክክብ ቅጹ ክሪክን፣ ተቀያሪ ጎማን፣ የጎን መስተዋቶችንና እያንዳንዱን ጭረት ይዘረዝራል፤ ስለ ወንበሩ ያለው አንድ ሳጥን ሲሆን በእሱም ላይ «ደህና» ተብሎ ተጽፏል፣ ፊርማዬም አለበት። ወንበሩ ማስተካከያዎቹ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄዱ የሚገልጽ አንድ መስመር በዚህ ቅጽ ላይ ቢጨመር ለደንበኛውም ለድርጅቱም ክርክር ይቀንስ ነበር።

ድርጅቱ በበኩሉ አንድ አማራጭ አቅርቦልኝ ነበር፤ እሱም ኪራዩ ከፍ ያለ ትልቅ መኪና መውሰድ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አየሁት፤ በእርግጥ የተሻለ ነው፤ ግን በማይመች ወንበር የተነሣ ወርሃዊ ወጪዬን ማሳደግ ተገቢ ሆኖ አልታየኝምና አልተቀበልኩም።

መውጫው የተገኘው ተተኪ ተከራይ በማቅረብ ነው። ውሉ ይህን አይከለክልም፤ «በአከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ካልሆነ በስተቀር ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ አይቻልም» ነው የሚለው፤ ብዙ ሰው «አይቻልም» የሚለውን አንብቦ ፊተኛውን ግማሽ የሚዘለው ይመስለኛል። በሥራ ባልደረቦቼ በኩል መኪና የሚፈልግ፣ ከእኔ በጣም የሚረዝም ሰው አገኘሁ። ከሜክሲኮ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ወጥቶ እንዲመለስ አደረግሁ፤ ሲመለስ ቁልቁለቱን ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሀር ድረስ መውረዱ የግድ ነው። ስለ ወንበሩ አንዳች ሳልደብቅ ነግሬው ነበር፤ እሱ ግን ያስቸገረው ነገር እንደሌለ ተናገረ።

ይህን መንገድ ለሚከተል ሰው አጥብቄ የምናገረው፣ መኪናውን በእጅ አስተላልፎ ኪራዩን በድሮው ተከራይ ስም መክፈል እንደማይገባ ነው። እንዲህ ማድረግ ቀላል ስለሚመስል ደላሎች ይመክሩታል። አደጋ ቢደርስ ግን በውሉ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው የሚጠየቀው፤ መድን ሰጪውም ሌላ ሰው ይነዳ ነበር ብሎ መከራከሪያ ያገኛል። እኛ ሦስታችን የፈረምነው ሰነድ የእኔን ውል በዕለቱ ዘግቶ ቀሪውን ጊዜ በአዲሱ ተከራይ ስም የጀመረ ነው። ድርጅቱ ከእሱ የፋይዳ መታወቂያውን፣ የመንጃ ፈቃዱን ቅጂና የራሱን ማስያዣ ጠየቀ፤ ከእኔ ደግሞ ለጽሕፈት ሥራ መጠነኛ ክፍያ አስከፈለኝ፤ ቅጣቱንም ሙሉ በሙሉ ተወልኝ። በዚህ በኩል ከጠበቅሁት በላይ ቅን ነበሩ፤ መኪናው አንድም ቀን ስላልቆመባቸው የጎደለባቸው ነገር እንደሌለ ግን መዘንጋት አይገባም።

አገልግሎቱን በጠቅላላው ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። የቀነስኩት ስለ ወንበሩ አይደለም፤ ወንበሩን ድርጅቱ አልሠራውም። የቀነስኩት ለአንድ ዓመት የሚያስር ውል የሚያስፈርም ቤት ደንበኛው መኪናውን ቢያንስ ለግማሽ ቀን በራሱ መንገድ ላይ እንዲነዳው አለመፍቀዱ ስለከነከነኝ ነው። ውሉን በዘጋንበት ዕለት ይህንኑ ለሥራ አስኪያጇ ነግሬያቸው፣ አንድ ደንበኛ አጥብቆ ከጠየቀ እንደሚፈቅዱ፣ ነገር ግን ራሳቸው አስቀድመው እንደማያነሡት ገልጸውልኛል። ስለዚህ የሚከራይ ሰው ይጠይቅ።

ማስያዣዬ በቀጠሮው ቀን ወደ ባንክ ሒሳቤ ገብቷል። ከእሱ ላይ በፊት ጎማው ቸርኬ ላይ ለተገኘ ጭረት የተወሰነ ገንዘብ ተቆርጧል፤ ጭረቱ የእኔ ስለሆነ መቆረጡን አልተቃወምኩም። ያስጠገኑበትን ደረሰኝ ግን ጠይቄ እስካሁን አልሰጡኝም።